ከሰኞ እስከ ሰኞ ስምንት ነው

ከፍርድ ቤት አጥር ሥር ጠረጴዛ ዘርግቼ ማመልከቻና ውል እየጻፍኩ ነው የኖርኩት። በዚህ ሥራ ላይ ሰው ከሚጨቃጨቅባቸው ቃላት አንዱ «የዛሬ ስምንት» ነው። ገንዘብ ተቀባዩ በሰባተኛው ሌሊት ማግስት ከተፍ ይላል፤ ከፋዩ ደግሞ «ገና አንድ ቀን ይቀረኛል» ብሎ ድርቅ። ሁለቱም ጣታቸውን እያጠፉ ይቆጥራሉ። ዳር ቆሞ የሚሰማውም «ድሮስ አባቶቻችን ሳምንትን ከስምንት አምጥተው መቼ በትክክል ቆጠሩና!» ብሎ ይስቃል።

ይቺ ሳቅ ናት የማትዋጥልኝ። እግዚአብሔር በስድስት ቀን ፈጥሮ በሰባተኛው ማረፉን ሲሰብክ የኖረ ሕዝብ ሰባትን መቁጠር አቃተው ማለት ነው?

ሳምንት የሚለው ቃል የግእዝ ነው። ፊደል የቆጠረ ሁሉ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስ፣ ሳድስ፣ ሳብዕ ብሏል። ፊደላችን ሳብዕ ላይ ስለሚያበቃ ነው እንጂ ቀጥሎ የሚመጣው ሳምን፣ ማለትም ስምንተኛ ነበር። ሳምን በሴት አንቀጽ ሲነገር ሳምንት ይሆናል። ትግርኛ ተናጋሪዎች ከዚያው ሥር የወጣውን ሰሙን ይዘዋል። እኛም ቤተ ክርስቲያን ስንገባ ሰሙነ ሕማማት እንላለን፤ የሳምንቱን ተረኛ ካህንም ሰሙነኛ እንለዋለን።

ታዲያ ስምንተኛው ቀን ከየት መጣ? አባቶች ሲቆጥሩ መነሻውንም መድረሻውንም ያስገቡ ነበር። የበዓላቱን መቁጠሪያ ማየት ይበቃል። ልደት ታኅሣሥ 29 ነው፤ ሕፃን በስምንተኛው ቀን ይገረዛልና በዓለ ግዝረት ጥር 6 ይውላል። ቁጠሩት፤ 29፣ 30፣ ከዚያ ከጥር 1 እስከ 6። ስምንት ሞላ። ልደት ሰኞ ከዋለ ግዝረትም ሰኞ ነው። ጌታ ዓርብ ተሰቅሎ እሑድ ሲነሣ «በሦስተኛው ቀን» የምንለውም በዚሁ ሂሳብ ነው። የዮሐንስ ወንጌልም ጌታ ለቶማስ የታየው «ከስምንት ቀን በኋላ» ነው ይላል፤ ያ ቀን ዳግም ትንሣኤ ብለን የምናከብረው፣ ከፋሲካ ቀጥሎ ያለው እሑድ ነው።

ለማያምን ደግሞ ሌላ ማስረጃ አለኝ። ሁለት ሳምንት ለማለት «የዛሬ አሥራ አምስት» እንላለን። ሳምንት ሙሉ ስምንት ቀን ቢሆን ኖሮ አሥራ ስድስት፣ ሰባት ብቻ ቢሆን አሥራ አራት እንል ነበር። አሥራ አምስት የሆነው፣ ከሰኞ ብንጀምር፣ የመካከለኛው ሰኞ ያለፈውን ሳምንት ዘግቶ የሚመጣውን ስለሚከፍት፣ አንዴ ብቻ ስለሚቆጠር ነው። ፈረንሳዮችም ሳምንቱን ስምንት ቀን፣ ሁለቱን ሳምንት አሥራ አምስት ቀን ይሉታል፤ በነሱ ግን ማንም ሲስቅ አልሰማሁም።

ገበያውም የሚሄደው በዚሁ ነው። ባቲ ሰኞ፣ ሰንበቴ እሑድ ይውላል። ባቲ ላይ ፍየል በዱቤ የወሰደ ሰው «በስምንት ቀን እከፍላለሁ» ካለ የሚቀጥለውን ገበያ ማለቱ ነው። ስምንት ሌሊት አድሮ ማክሰኞ ቢመጣ ባዶ ሜዳ ላይ ከማን ጋር ሊተሳሰብ ነው?

የቀኖቹ ስምም ቁጥር ነው፤ እሑድ አንደኛ፣ ሰኞ ሁለተኛ፣ ረቡዕ አራተኛ፣ ሐሙስ አምስተኛ። ማክሰኞ የሰኞ ማግስት ነው። የሚገርመው ቅዳሜ ነው፤ እሱም መጀመሪያ ማለት ነው፣ ያውም ከእሑድ ጎን ተቀምጦ! ሙሉ ስሙ ቀዳሚት ሰንበት ነው፤ ከእሑድ ሰንበት የቀደመችው ለማለት። ይቺ ስም ብዙ መከራ አይታለች። በ14ኛው መቶ ዘመን አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ሁለቱም ሰንበቶች ይከበሩ ብለው ስላስተማሩ ተቃውሞ በዝቶባቸው ከአገር ወጡ፤ አርመን አገር አረፉ። ደቀ መዛሙርታቸውም ሲገፉ ኖሩ። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1450 ደብረ ምጥማቅ ላይ ጉባኤ አስጠርተው ቅዳሜም እንደ እሑድ እንዲከበር እስኪወሰን ድረስ ጠቡ አልበረደም። ባለሥልጣኑ ቅዳሜ ቢሮውን ዘግቶ ሲዝናና ይህን አያስበውም፤ ለነገሩ የእሱ ቅዳሜ የመጣው ከዘመኑ የሥራ ሕግ ነው።

ጠረጴዛዬ ጋ የመጡት ባለጉዳዮች ይህን ሁሉ ስነግራቸው «አይ አባባ፣ እርስዎ ደግሞ!» ይሉኛል፤ ዳኛም ቢሆን ጥር 6ን ቆጥሮ አይፈርድላቸውም። ስለዚህ «የዛሬ ስምንት» ለጨዋታና ለቀጠሮ ይቆይልን። ገንዘብ ያለበት ወረቀት ላይ ግን የዕለቱን ስም፣ ወሩን፣ ቀኑንና ዓመተ ምሕረቱን አጽፉ።