አንድ አድራሻ፣ ሁለት ሰርኪዩት፦ የኮሞዶር ፔት «ገዳይ ፖክ»

ሶፍትዌር ሃርድዌርን በአካል አይጎዳም የሚለው እምነት ለዛሬ ኮምፒውተሮች በአብዛኛው ቢሠራም፣ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለተሠሩት ሁሉ አይሠራም። ጉዳዩን በሚገባ የሚያሳየው በ1977 ለገበያ የቀረበው ኮሞዶር ፔት ነው።

በመጀመሪያዎቹ ፔቶች ፕሮሰሰሩና የምስል ሰርኪዩቱ የስክሪኑን ማህደረ ትውስታ በአንድ ጊዜ ከነኩ በምስሉ ላይ ነጠብጣብ ይታያል። ስለዚህ ፊደል የሚያሳየው የሮም ፕሮግራም የኤሌክትሮን ጨረሩ ከታች ወደ ላይ እስኪመለስ ይጠብቅ ነበር፤ መመለሱንም የሚያውቀው 6522 በተባለው ቺፕ ቢት 5 በኩል ከሚገባ ምልክት ነው። አድራሻ 59458 ደግሞ የዚያ ቺፕ መስመሮች መግቢያ ወይም መውጫ መሆናቸውን ይወስናል። መደበኛ ዋጋው 30 ነው። በቤዚክ ቋንቋ «ፖክ 59458፣62» ሲባል፣ ማለትም በዚህ አድራሻ 62 ሲጻፍ፣ የሚለወጠው አንድ ቢት ብቻ ነው፦ ቢት 5 መውጫ ይሆናል፣ መጠበቁ ይቀራል፣ ጽሑፉም በግልጽ ይፈጥናል። ፕሮግራም ጸሐፊዎች ቢወዱት አያስገርምም።

ኋላ በወጡት ባለ 12 ኢንች ፔቶች ግን ምስሉን የሚመራው ራሱን የቻለ የስክሪን መቆጣጠሪያ ቺፕ ሆነ። ቢት 5 አሁን የተገናኘው ስክሪኑን ከሚያንቀሳቅሰው የቋሚ ማመሳሰያ ምልክት ጋር ነው። ትዕዛዙ ሲሰጥ ሁለት ቺፖች በአንድ ሽቦ ላይ ይጓተታሉ፤ ምስሉ ይዛባል፣ ሁኔታው ከቆየም ሰርኪዩቱ ሊጎዳ ይችላል። ትዕዛዙ «ገዳይ ፖክ» የተባለውም ለዚህ ነው።

በ1981 የወጣው የአይቢኤም ባለ አንድ ቀለም ስክሪንም ተመሳሳይ ድክመት ነበረው። የአግድም ፍጥነቱን፣ 18.432 ኪሎኸርዝ፣ የሚቀበለው ኮምፒውተሩ ውስጥ ካለው የምስል ካርድ ነው፤ የካርዱ 6845 ቺፕ በተሳሳተ ቁጥር ከተሞላ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያመነጨው ክፍል ሊቃጠል ይችላል። በአንጻሩ የሞቶሮላ 6800 ፕሮሰሰር «ቆመህ ተቃጠል» የተባለው ትዕዛዝ ስሙ ያስፈራል እንጂ ምንም አያቃጥልም፤ ፕሮሰሰሩን እንደገና እስኪነሣ ድረስ ያደነዝዘዋል።

በፔት ጉዳይ ተወቃሹ ደፋሩ ፕሮግራም ጸሐፊ ነው የሚለውን ፍርድ አልቀበልም። በቁጥር የተሰየመ አድራሻ በአምራቹና በተጠቃሚው መካከል ያለ ውል ነው። አምራቹ ቁጥሩን ጠብቆ ከጀርባው ያለውን ሽቦ ለወጠ፤ የሚከላከል ሰርኪዩትም አላኖረም። ስለዚህ የድሮ ፕሮግራም በቤተ መዘክር ሲመዘገብ ለየትኛው ቦርድ እንደተጻፈ ካልተጠቀሰ መዝገቡ ጎዶሎ ነው። በኢሙሌተር ተሞክሮ መሥራቱም ለእውነተኛው ማሽን ዋስትና አይሆንም፤ ኢሙሌተር የሚቃጠል ትራንዚስተር የለውምና።

አንድን የቆየ ካሴት በባለ 12 ኢንች ፔት ላይ ከማስኬድ በፊት የቤዚኩን ዝርዝር 59458 ለሚል ቁጥር መፈተሽ ያስፈልጋል፤ ይህ ብቻውን ግን አይበቃም። በማሽን ቋንቋ አድራሻው 66 እና 232 በሚሉ ሁለት ባይቶች ተከፍሎ ስለሚቀመጥ፣ እነዚህም ተከታትለው የሚገኙበት ቦታ ሁሉ መመርመር አለበት።