«አደገኛ ያልሆነው» የመንጋጋ ዕጢ፦ የስሙ ታሪክ

በአንኮበር ደጋና በይፋት ቆላ መካከል የምትገኘው አሊዩ አምባ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከታጁራ ለሚነሣው የሲራራ ንግድ ዋነኛ ገበያ ነበረች። ካፒቴን ሃሪስ የመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲሄድ እ.ኤ.አ. በ1841 በዚህችው ከተማ አልፏል፤ ሐኪሙ ሩፐርት ከርክም አብሮ ነበር። በተከታዩ ዓመት ቻርልስ ጆንስተን የተባለ ቀዶ ሐኪም በከተማይቱ ተቀምጦ ንዳድ ሲያሠቃየው ቆይቷል።

ለእነዚህ ሐኪሞች መንጋጋው በዕጢ ያበጠ ሰው ቢቀርብላቸው ኖሮ የሚጠሩበት ስም ባልኖራቸው ነበር። ዛሬ አሜሎብላስቶማ የምንለውን ዕጢ በመጀመሪያ እንደገለጸ የሚነገርለት የደብሊኑ ቀዶ ሐኪም ኩሳክ ነው፤ ጊዜውም 1827። ዘገባው የታችኛውን መንጋጋ ከፊል ቆርጦ ስለ ማውጣት ነበር። ኤተር ለማደንዘዣነት በአደባባይ የታየው በ1846 ነውና የዚያ ዘመን ሕመምተኛ ምን ያህል እንደ ቻለ መገመት አያዳግትም።

በ1885 ፈረንሳዊው ማላሴ ከአልማዝ ጥንካሬ ጋር የሚያያዝ ስም ሰጠው፤ «አዳማንቲኖማ» የተባለው ከዚህ የተነሣ ነው። ይሁን እንጂ ዕጢው የጥርስን ጠንካራ ሽፋን ከሚሠሩት ሕዋሳት ጋር ቢመሳሰልም ሽፋኑን አይሠራም። ስሙም በ1930 ገደማ በአይቪና በቸርችል ወደ አሜሎብላስቶማ ተለወጠ።

የእኛው አጠራርም እርማት የሚሻ ይመስለኛል። «አደገኛ ያልሆነ ዕጢ» ስንል ሕመምተኛው «አደጋ የለውም» ብሎ ይረዳል። የዕጢው ሕዋሳት ግን በራጅ ከሚታየው ዳርቻ አልፈው ወደ ስፖንጃማው አጥንት ይሠርጋሉ። በመፋቅ ብቻ ከታከሙት መካከል ከግማሽ በላይ እንደ ተመለሰባቸው ያሳዩ ጥናቶች አሉ። ስለዚህ ጤነኛ ከሚመስለው አጥንት ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ጨምሮ ማውጣት የተለመደ ሆኗል። በ2014 በብዙዎቹ ዕጢዎች የብራፍ ዘረ መል ለውጥ መገኘቱ የመድኃኒት ሕክምና ተስፋ ቢከፍትም ቢላዋውን ገና አልተካም።

ዕጢው ብዙ ጊዜ አያምም፤ በዝግታ ያድጋል፤ ከ10 ዓመት በኋላም ሊመለስ ይችላል። ከአሊዩ አምባ ወደ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ለቀዶ ሕክምና የመጣ ገበሬ እብጠቱ ከጠፋለት በኋላ ለክትትል ራጅ ያንኑ መንገድ በየዓመቱ እንዲመላለስ የምንጠይቀው «አደገኛ አይደለም» ካልነው በኋላ ነው። በመሸኛ ወረቀቱ ላይ «ሊመለስ የሚችል ዕጢ» ብለን በአማርኛ ብንጽፍለት፣ የጤና ጣቢያው ባለሙያም ምን መፈለግ እንዳለበት ያውቃል።