ስንቅ፦ በእስር ቤት በር ላይ የተነበበ ወንጌል

ስንቅ የመንገደኛ ቃል ነው። ነጋዴው፣ ዘማቹ፣ የቆሎ ተማሪው ከቤት ሲወጣ የሚይዘው በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ ስንቅ ይባላል። በደርግ ዘመን ግን ቃሉ ሌላ አድራሻ አገኘ። አንዲት እናት አገልግል አንጠልጥላ ስትወጣ «ስንቅ ልታደርስ ነው» ከተባለ፣ ወዴት ብሎ የሚጠይቅ ጎረቤት አልነበረም። ወደ ከርቸሌ፣ ወደ ማዕከላዊ፣ ወደ ከፍተኛ ወይም ወደ ቀበሌ እስር ቤት ነው። ባለ ስንቁ የትም አይሄድም፤ ስንቁ ነው ወደ እሱ የሚሄደው።

ይህን ቃል ይዤ አንድ የወንጌል ክፍል በታሪክ ውስጥ እንዴት እንደተኖረ ልከተል ፈለግሁ። ማቴዎስ 25 ላይ ክርስቶስ ስለ መጨረሻው ፍርድ ሲናገር ስድስት ዓይነት ሰው ይዘረዝራል፦ የተራበ፣ የተጠማ፣ እንግዳ፣ የታረዘ፣ የታመመ፣ የታሰረ። ለእነዚህ የተደረገው ለእኔ ተደረገ ይላል። ክፍሉን ብዙዎቻችን ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። በሽተኛውን ፈወሳችሁ፣ እስረኛውን አስፈታችሁ አልተባለም። የተጠየቀው መሄድ ነው። ለመሄድ ደግሞ የተለየ ጸጋ አያስፈልግም፤ ማንም ሰው ይችለዋል። ትእዛዙ ቀላል የሚመስለውም፣ ሲኖሩት የሚከብደውም ለዚህ ይመስለኛል። ሰበብ አያስተርፍም።

በሰንሰለቱ ያላፈረው ሰው

በሮም ግዛት እስር ቤት በአብዛኛው ፍርድ የሚጠበቅበት ማቆያ ነበር። መንግሥት እስረኛውን በወጉ አበላዋለሁ ብሎ አያስብም። የሚያበላው ዘመድ ወይም ወዳጅ ነው። የጳውሎስን መልእክቶች ይህን እያሰባችሁ ብታነቧቸው ሌላ መልክ ይይዛሉ። የፊልጵስዩስ መልእክት ጥልቅ የነገረ መለኮት ጽሑፍ ነው፤ ግን እኮ ስንቅ ለላኩ ሰዎች የተጻፈ የምስጋና ደብዳቤም ነው። ስጦታውን ይዞ የመጣው አፍሮዲጡ በዚሁ አገልግሎት ታሞ ለሞት ተቃርቦ ነበር። በሁለተኛው የጢሞቴዎስ መልእክት ላይ ደግሞ ሄኔሲፎሩ የሚባል ሰው አለ። የሰበከው ስብከት አልተጻፈልንም፤ ያደረገው ተአምር አልተነገረንም። ሮም ገብቶ ጳውሎስን አፈላልጎ አገኘው፣ በሰንሰለቱም አላፈረም። ስሙ እስከ ዛሬ የሚነበበው በዋናነት ለዚህ ነው።

በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን አሪስቲድስ የሚባል የአቴና ፈላስፋ ለሮም ንጉሠ ነገሥት የመከላከያ ጽሑፍ አቀረበ። ክርስቲያኖች ምን ዓይነት ሰዎች እንደሆኑ ሲያስረዳ፣ ከመካከላቸው አንዱ ስለ ክርስቶስ ስም መታሰሩን ከሰሙ ሁሉም የሚያስፈልገውን እንደሚያሟሉለት ይገልጻል። ቀጥሎ ድሃ ሲያጋጥማቸውና የሚሰጡት ትርፍ ሲያጡ ምን እንደሚያደርጉ ይናገራል፦ ሁለት ሦስት ቀን ይጾማሉ፤ ያልበሉትን ለእሱ ይሰጣሉ። ጾም ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ከዓመቱ ግማሽ ገደማ የሚጾም ሰው ባለበት አገር ግን ይህ አጭር ምስክርነት ጥያቄ ይጭራል፦ ያልተበላው ምሳ የት ሄደ?

በ203 እ.ኤ.አ. ካርቴጅ ላይ የታሰረችው ፐርፔቱዋ ሃያ ሁለት ዓመት ገደማ የሆናት፣ የሚጠባ ልጅ ያላት ወጣት ነበረች። በእስር ቤት የጻፈችው ማስታወሻ እስከ ዛሬ ይነበባል። ጨለማውን፣ ሙቀቱን፣ ለልጇ ያላትን ጭንቀት ትናገራለች። ከዚያ ጤርጥዮስና ጶምፖንዮስ የሚባሉ ሁለት ዲያቆናት መጡ። ለጠባቂዎቹ ገንዘብ ከፈሉ፤ እስረኞቹም ለጥቂት ሰዓት ወደ ተሻለው የእስር ቤቱ ክፍል እንዲወጡ ተደረገ። እዚያ ሆና በረሃብ የዛለውን ልጇን አጠባች። ዲያቆናቱ ሊያስፈቷት አልቻሉም፤ ፐርፔቱዋ በመጨረሻ ተገድላለች። የእነሱ ድርሻ ጥቂት ሰዓት ንጹሕ አየር ነበር። ያችን አደረጉ።

ነገሩ በውጭ ሰዎች ዘንድም ይታወቅ ነበር። የአሽሙር ጸሐፊው ሉቅያኖስ በዚያው በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፔሬግሪኖስ በሚባል አጭበርባሪ ላይ ሲሳለቅ፣ ክርስቲያኖች ሰውየው በታሰረ ጊዜ ምን እንዳደረጉ ይተርካል። ከንጋት ጀምሮ መበለቶችና ወላጅ የሌላቸው ልጆች በሩ ላይ ይጠብቃሉ። ምግብ በዓይነት ይገባለታል። ከሩቅ ከተማ ሳይቀር መልእክተኛ ይመጣለታል። ሉቅያኖስ ይህን የጻፈው ሞኞች ናቸው ለማለት ነው። ለእኔ ግን ከብዙ ውዳሴ የሚበልጥ ምስክርነት ነው። መታለላቸው እውነት ሊሆን ይችላል። ጠላት ሊስቅባቸው ሲፈልግ ያገኘው ነውር ግን ለእስረኛ ምግብ ማመላለሳቸው ነው።

እንጀራ መስጠት ወንጀል ሲሆን

በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የምሥራቁን ክፍል የገዛው ሊኪኒዮስ አስገራሚ ሰው ነው። በ313 እ.ኤ.አ. ከቆስጠንጢኖስ ጋር ሆኖ ለክርስቲያኖች ነፃነት የሰጠው እሱ ነበር። ኋላ ግን ተገለበጠባቸው። የታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስ እንደዘገበው፣ ካወጣቸው ሕጎች አንዱ በእስር ቤት ላሉ ሰዎች ማንም አዝኖ ምግብ እንዳይሰጥ ይከለክላል። የሰጠ ሰው ቅጣቱ ከእስረኛው ጋር እኩል ነው።

ገዢ እንዲህ ዓይነት ሕግ የሚያወጣው ስንቅ ከምግብነት በላይ እንደሆነ ሲገባው ነው። ሰውን አስሮ ለማጥፋት መጀመሪያ ከሰው መለየት ያስፈልጋል። «ዘመድ የለህም፣ የሚያስታውስህ የለም» ማለት ያስፈልጋል። በሩ ላይ ሳህን ይዞ የሚቆም ሰው ይህን ውሸት ያፈርሰዋል። የዕብራውያን መልእክት ጸሐፊ እስረኞችን አብራችሁ እንደታሰራችሁ ሆናችሁ አስቡ ሲል፣ ነገሩ በሊኪኒዮስ ዘመን ቃል በቃል ሊፈጸም የሚችል ነበር፤ ምግብ ያመጣው ሰው እውነትም አብሮ ይታሰራል።

ወላይታ፣ 1929

የሱዳን ኢንቲርየር ሚሽን ሰዎች ሶዶ የደረሱት በ1920 ዓ.ም. ነው። በ1929 ዓ.ም. የጣሊያን ወራሪ ሲያስወጣቸው ትተውት የሄዱት አርባ ስምንት የተጠመቁ አማኞችን ነበር። በወላይትኛ የነበረው የቅዱስ መጽሐፍ ክፍል ጥቂት ነው፤ ማንበብ የሚችለውም ጥቂት። በሰው ስሌት ነገሩ እዚያ ማብቃት ነበረበት።

ከዚያ እስሩ መጣ። የጸሎት ቤቶች ፈረሱ፤ መሪዎች ተለቅመው ታሰሩ፤ ተገረፉ። ዋንዳሮ ዳባሎ በግርፋትና በእስር ካለፉት መካከል ስማቸው የታወቀ ናቸው። እስር ቤቱ የሚያበላ አልነበረም፤ ከቤት ካልመጣ ረሃብ ነው። አማኞቹ ከየመንደሩ ምግብ ተሸክመው መምጣት ጀመሩ። የሚመጣው ለወንድሞቻቸው ከሚበቃው በላይ ስለነበር፣ ስንቅ ለማይመጣላቸው ሌሎች እስረኞችም ደረሰ። እነዚያ እስረኞች አማኞች አልነበሩም። በማያውቁት ሰው እጅ፣ ዘመዳቸው ባልሆነ ሰው ስንቅ ሲበሉ ሰነበቱ። ተፈትተው ወደየመንደራቸው ሲመለሱ ምን ይዘው እንደተመለሱ መገመት አይከብድም።

ሚሲዮናውያኑ ከነፃነት በኋላ ሲመለሱ የጠበቃቸው ሕዝብ ወደ 10,000 ይጠጋ ነበር። ለዚህ ዕድገት ብዙ ምክንያት ይሰጣል፤ የአገሬው ሰባክያን ድፍረት፣ የሕዝቡ የራሱ የመንፈስ ጥማት፣ የዘመኑ መናወጥ። ግን በወቅቱ የነበሩ ሰዎች ደጋግመው ያነሡት ያንኑ ፍቅር ነው። ማቴዎስ 25ን ብዙዎቹ በዓይናቸው አላነበቡትም ይሆናል። ተሸክመውት ግን ሄደዋል።

ቁልፉን የያዘው ማን ነው?

ታሪኩን እዚህ ላይ ብዘጋው ደስ ይላል፤ ግን ሐቀኛ አይሆንም። ይህን ወንጌል የሚያውቅ ሰው ሁልጊዜ ስንቅ ይዞ ከበሩ ውጭ አልቆመም። አንዳንዴ ቁልፉን የያዘው እሱ ነው። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደቂቀ እስጢፋኖስ የሚባሉትን መነኮሳት ያሳሰረውና ያስገረፈው ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ የሃይማኖት መጻሕፍት ደራሲ ነበር። ነሐሴ 1964 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሙሉ ወንጌል አማኞች በጅምላ ሲታሰሩ መንግሥቱ ራሱን ክርስቲያን ብሎ የሚጠራ መንግሥት ነው። ወንጌሉን ማወቅና ለወንጌሉ መታመን የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምን አለ?

ከዚያ ደርግ መጣና ሁሉንም በአንድ በር አሰለፈ። ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ተነሥተው ታሰሩ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ አገር ጥለው እንዲወጡ መንገድ ተዘጋጅቶላቸው ነበር፤ መንጋዬን በዚህ ጊዜ ትቼ አልሄድም አሉ። ቤተ ክርስቲያናቸው ከጥቂት ዓመታት በፊት ወንጌልን መስበክና ሰውን በሥጋው ማገልገል አይነጣጠሉም ብላ ለውጭ አጋሮቿ በጽሑፍ ስትሟገት ከፊት የነበሩት እሳቸው ናቸው። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ኡራኤል አካባቢ ካለው ቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ታፈኑ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ በቀጣዩ ዓመት ታስረው፣ ተሠቃይተው፣ አሥር ዓመት ገደማ ያለ ፍርድ ቆዩ። ቄስ ጉዲናን በተመለከተ ግን ስንቅ የሚደርስበት በር እንኳ አልነበረም። የሁለቱም አባቶች፣ የፓትርያርኩም የቄሱም፣ አፅም የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው።

በር ያለው ደግሞ በሩ ላይ ይሰለፋል። ዘበኛው ወጡን በእንጨት ያማስላል፤ እንጀራውን ይገላልጣል፤ አንዳንዴ «ቅመሽ» ይላል። ስም ይመዘገባል፤ ዝምድና ይጠየቃል። በዚያ ዘመን ከእስረኛ ጋር ዘመድ ነኝ ብሎ መመዝገብ ቀላል አልነበረም። ባዶው ሳህን ሲመለስ ሰውየው አለ ማለት ነው። «ከእንግዲህ አታምጪ» ከተባለ ደግሞ ሌላ መርዶ ነጋሪ አያስፈልግም። ውስጥ ያሉት የመጣላቸውን አንድ ላይ አድርገው ይበሉ ነበር፤ ስንቅ የማይመጣለትም ከመሶቡ አይለይም። ከመካከላቸው የሚያምንም፣ የማያምንም፣ ሙስሊምም፣ ክርስቲያንም ነበር። ማቴዎስ 25 ስም ሳይጠራ ይፈጸም ነበር ማለት ይቻላል።

ጥር 1974 ዓ.ም. የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ተዘጋች፤ መሪዎቿ ከአራት ዓመት በላይ ያለ ፍርድ ታሰሩ። ምእመናኑ በየቤቱ፣ በጣት በሚቆጠር ቁጥር፣ በቡና ሰበብ እየተገናኙ ኖሩ። ሲዘጋ 5,000 ገደማ የነበሩት ደርግ ሲወድቅ ወደ 34,000 ደርሰው ነበር። እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ እፈልጋለሁ። ይህንና የወላይታውን ቁጥር እንደ ደመወዝ የሚቆጥር ሰው አለ፦ ታመኑ፣ ስለዚህ በዙ። የፐርፔቱዋ ዲያቆናት ግን ምን አተረፉ? ሳህኗ ሳይመለስ የቀረባት እናትስ? ታማኝነት በውጤት የሚለካ ቢሆን ኖሮ የእሷ ድካም ባዶ በሆነ ነበር። ወንጌሉ ግን ውጤት አልጠየቀም። መጣችሁ ወይ? ነው ጥያቄው።

የዛሬ ወረፋ

እኔ ስለ ክርስትና ሕይወት ስናወራ ትልልቅ ቃላት የምናበዛ ይመስለኛል። መነቃቃት፣ ራእይ፣ ጥሪ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ያገኘኋቸው ሰዎች ግን ሥራቸው አሰልቺ ነበር። ጠዋት ተነሥቶ መጋገር፣ ወረፋ መጠበቅ፣ ስም መመዝገብ፣ ሳህን ማጠብ፤ በነጋታው እንደገና። ፎቶ የሚነሣበት ነገር የለውም። ማክሰኞ ያደረጉትን ሐሙስ መድገም ነው። ለዚህ ነው ታማኝነት የሚለው ቃል የሚስማማቸው።

በአማርኛችን የታመመንና የታሰረን ማየት «መጠየቅ» ይባላል። ያው ጥያቄ የሚጠየቅበት ቃል ነው። ደኅና አደርክ ወይ፣ በላህ ወይ፣ ምን ላምጣልህ ማለት ነው። እስር ቤት ዛሬም አለ፤ የጥየቃ ቀንም አለ። በየክፍሉ ደግሞ የጥየቃ ቀን ሲደርስ ስሙ የማይጠራ ሰው አይጠፋም። ክሱ ምን እንደሆነ አናውቅም፤ ጥፋተኛም ሊሆን ይችላል። ማቴዎስ 25 ላይ ግን የታሰረው ሰው ለምን እንደታሰረ አልተጻፈም።