ሦስት ነጥብና አንድ ደብተር

ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣችው በጥር ወር 1954 ዓ.ም. ነው። ፈረንጆቹ ያን ዓመት 1962 ይሉታል። ይድነቃቸው ተሰማ ያሠለጠኑት፣ ሉቺያኖ ቫሳሎ በአምበልነት የመራው ቡድን ግብጽን አዲስ አበባ ላይ 4 ለ 2 ረታ፤ የመጨረሻዋንም ጎል መንግሥቱ ወርቁ አገባት። ይህን መቼም የማያውቅ የለም። ብዙ ሰው የማያውቀው በዚያው በፈረንጆቹ 1962 አሜሪካ ውስጥ የሆነውን ነው። ቢል ዊንከንባክ የተባለ የኦክላንድ ነጋዴ ኒውዮርክ ሆቴል ውስጥ ከወዳጆቹ ጋር ቁጭ ብሎ ሜዳም፣ ማልያም፣ ላብም የሌለበት ቡድን ፈለሰፈ። ነገሩ የተጀመረው በእነሱው፣ ኳስ በእጅ በሚያዝበት እግር ኳስ ነው። እውነተኛ ተጫዋቾችን በወረቀት ላይ መርጠው ይከፋፈላሉ፤ ተጫዋቹ ሜዳ ላይ የሠራውን ለራሳቸው ነጥብ አድርገው ይቆጥራሉ። በቃ፣ ይኸው ነው። ዛሬ ወጣቶቻችን «ፋንታሲ» የሚሉት ጨዋታ አባቱ ይህ ነው።

እንግዲህ ያን ዓመት እኛ የእውነት ዋንጫ ነበረን፣ እነሱ የወረቀት ቡድን። የወረቀቱ ቡድን ዛሬ ቦንጋ ድረስ መጥቷል፤ ዋንጫው ግን ከዚያ ወዲህ ዞር ብሎም አላየን።

የመጣበት መንገድ ረጅም ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 አንድሪው ዌይንስቲን የተባለ እንግሊዛዊ ጨዋታውን ወደ አገሩ እግር ኳስ አሻገረው። በ1994 የእንግሊዝ ጋዜጣ ተቀበለው። በ2002 ፕሪሚየር ሊጉ ራሱ «የእኔ ነው» ብሎ በኢንተርኔት ከፈተው። ከዚያ ወዲያ ስልክ ያለው ሁሉ አሠልጣኝ ሆነ። ቦንጋ ላይ ቅዳሜ ከሰዓት ዲኤስቲቪ ቤት ስገባ ስለ ጨዋታው የሚያወራ ጥቂት ነው። «አምበልህን ማንን አደረግህ?» ይላል አንዱ። «ኧረ ተወኝ! ተቀያሪ ወንበር ላይ ያስቀመጥኩት ሁለት አገባ» ይላል ሌላው።

ሥራ ፈትነት ነው የሚሉ ትልልቅ ሰዎች አሉ። ቁማር ነው የሚሉም አሉ፤ ገንዘብ ካስያዙበት እውነታቸውን ነው። ሳያስይዙ ለሚጫወቱት ግን ፋንታሲ ከምንም በላይ የሒሳብ መዝገብ ነው። በምናብ 100 ሚሊዮን ፓውንድ ይሰጥሃል። በእሱ 15 ሰው ትገዛለህ፦ 2 በረኛ፣ 5 ተከላካይ፣ 5 አማካይ፣ 3 አጥቂ። ከአንድ ክለብ ከ3 ሰው በላይ መውሰድ አይቻልም። በየሳምንቱ አንድ ሰው በነጻ ትቀይራለህ፤ ነጻ ቅያሬህን ጨርሰህ ከጨመርክ በእያንዳንዱ ሰው 4 ነጥብ ትቀጣለህ። ስለዚህ ባለ ስሞቹን ሁሉ ልግዛ ብትል ኪስህ አይበቃም። ጥበቡ ዋጋው ትንሽ፣ ሥራው ብዙ የሆነውን ከሌላው ቀድሞ ማግኘት ነው። ፈረንጆቹ እንዲህ ያለውን ተጫዋች «የተኛ» ይሉታል። የተኛነው ግን እኛ ነን፤ እሱማ እየሮጠ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 ነሐሴ ላይ የሌስተሩ ሪያድ ማህሬዝ በፋንታሲ 5.5 ሚሊዮን ይሸጥ ነበር። ጄሚ ቫርዲ 6 ሚሊዮን። ዓመቱ ሲያልቅ ሌስተር የእንግሊዝ ሻምፒዮን፣ ማህሬዝ ደግሞ በ240 ነጥብ የጨዋታው ሁሉ አንደኛ ሆነ። ቀድመው የያዙት ሰዎች ጠንቋይ አልቀለቡም። ያለፈውን ሳምንት ጎል ተከትለው ከመሮጥ ይልቅ ተጫዋቹ በየጨዋታው ስንት ደቂቃ ሜዳ ላይ እንደቆየ፣ ቅጣት ምትና ፍጹም ቅጣት ምት ማን እንደሚመታ፣ የሚመጡት አምስት ጨዋታዎች ከማን ጋር እንደሆኑ፣ ማን እንደተጎዳና ማን በካርድ እንደታገደ መዘገቡ። ከዚያ ታገሡ።

ካፋና ጎረቤቶቿ ይህን ታሪክ ከማንም በላይ ሊያውቁት ይገባ ነበር። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካ የተለቀመ የቡና ዘር «ጌሻ» ተብሎ በታንዛንያና በኮስታሪካ በኩል አልፎ በ1960ዎቹ ፓናማ ገባ። ምርቱ ትንሽ ነው ተብሎ ለአርባ ዓመት ያህል ዞር ብሎ ያየው አልነበረም። በ2004 አንድ የፓናማ ቤተሰብ ከሌላው ቡና ለይቶ ቆላው፣ ቀመሰው፣ ለውድድር አቀረበው፤ አንደኛ ወጥቶ በጨረታ አንዱ ፓውንድ 21 ዶላር ተሸጠ። ዘሩ የእኛ ነበር፤ ለይቶ የመዘገበው ግን ሌላ ሰው ነው።

ለመሆኑ መዝገብ አለመያዝ ምን ያስከፍላል? መልሱን ሰኔ 2005 ዓ.ም. ሰጥቶናል። ከዚያ ቀደም ብሎ ጥቅምት 4 ቀን ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፈን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሰን ነበር። ሰኔ 1 ቀን የሰውነት ቢሻው ልጆች ለብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ሎባትሴ ሄደው ቦትስዋናን 2 ለ 1 ረቱ። ሰኔ 9 ቀን ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1። ሕዝቡ ምድቡን ጨረስን ብሎ ጎዳና ወጣ። በዚያው ቀን ፊፋ ጉዳዩን እየመረመርኩ ነው አለ። ለካስ ምንያህል ተሾመ ቀደም ባሉ ጨዋታዎች ሁለት ቢጫ ካርድ አይቶ ነበርና ቦትስዋና ላይ መሰለፍ አልነበረበትም። ፌዴሬሽኑም ስሕተቱን አመነ። ሦስት ነጥብ ተቀነሰ፣ ድሉም ለቦትስዋና 3 ለ 0 ተጻፈ።

ልጁ ምን አጠፋ? ግባ ተባለ፣ ገባ። ጳጉሜን 2 ቀን ብራዛቪል ላይ መካከለኛው አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፈው ምድቡን እንደገና የእኛ ያደረጉትም ተጫዋቾቹ ናቸው፤ ከብራዚል ያስቀረን በኋላ የመጣው ናይጄሪያ ነው። እግራቸው የሠራውን ብዕር ሊያፈርሰው ምን ቀረው? ሁለት ቢጫ መቁጠር እኮ ዲኤስቲቪ ቤት ያለ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ በየሳምንቱ የሚሠራው ሥራ ነው። ያውም ያለ ደመወዝ።

ስለዚህ እነዚህን ልጆች «ሥራ ፈት» ማለቱን ትተን ሥራ ብንሰጣቸውስ እላለሁ። የእንግሊዝ ክለብ የግራ ተመላላሽ ጉልበቱን ያመመው መቼ እንደሆነ ይነግሩሃል። በከፍተኛ ሊግ የተጫወተው ካፋ ቡና በረኛው ማን እንደነበር ብትጠይቃቸው ግን እርስ በርስ ይተያያሉ። አይፈረድባቸውም፤ የሚያነቡት ማን ጽፎላቸው? በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዓመት የአገራችን ፕሪሚየር ሊግ በዲኤስቲቪ መታየት ሲጀምር ግን የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር 29 ጎል ማግባቱን ሁሉም በቃሉ ያዘው። የታየና የተቆጠረ ሰው አይረሳም።

አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ይበቃል። ቦንጋ ሜዳ ላይ ማን ስንት ደቂቃ ተጫወተ፣ ማን አቀበለ፣ ማን ቢጫ አየ፤ ቀኑ፣ ዕድሜው፣ የመጣበት ወረዳ። ከዴቻ ወይም ከጨና የመጣ አንድ ቀጭን ልጅ እዚያ ገጽ ላይ አሥር ጊዜ ደጋግሞ ከተጻፈ፣ መልማይ ሲመጣ የሚያሳየው ነገር አለው ማለት ነው። ካልተጻፈ ግን የቡናው ዘር እንዳደረገው ነው፤ አንድም ሌላ አገር ሄዶ ስም ያወጣል፣ አንድም እዚሁ ጫካ ውስጥ ሳይቀመስ ይቀራል።