የመተማ መንገድ

ስለ ጎንደር ታሪክ የሚጻፍ ሲሆን ሁላችንም የምንሮጠው ወደ ፋሲል ግንብና ወደ 44ቱ ታቦት ነው። እኔ ዘንድሮ የመረጥሁት አንድ መንገድ ነው። ከአዘዞ ተነሥቶ በጭልጋና በወህኒ አድርጎ መተማ የሚወርደውን ማለቴ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ጽፌአቸዋለሁ።

በዚህ መንገድ የወረደው ቡናና ዝባድ፣ ሰምና የዝሆን ጥርስ ብቻ አይደለም፤ ሰውም ወርዶበታል። ከጊቤ ማዶ፣ ከእናርያና ከከፋ የተፈነገሉ ልጆች ጎጃም ባሶ ገበያ ላይ እየተሸጡ ጎንደር ይደርሱ ነበር። ከዚህ በኋላ እኩሌቶቹ ወደ ምጽዋ፣ እኩሌቶቹ ወደ መተማ ይነዳሉ። የቆላው የጉሙዝ ሰው ደግሞ ከገዛ ደጁ እየታደነ ይወሰድ ነበር። ሳሙኤል ቤከር የሚባል እንግሊዛዊ በ1854 መተማ ላይ ልጃገረዶች ለሽያጭ ተቀምጠው አይቶ ጽፏል።

ከልካይ አልነበረም እንዳይባል ነበረ። ፍትሐ ነገሥት ባርነትን ባይሽርም ባሪያን ነጻ ማውጣት ደግ ሥራ ነው ይላል። ዐፄ ቴዎድሮስ የሰው ንግድን በዐዋጅ ከለከሉ፤ ዐፄ ዮሐንስም በ1876 ንግዱን ለማስቀረት ከእንግሊዝ ጋር ውል ተፈራረሙ። ግን ምን ያደርጋል፤ ሻጩም ነበረ፣ ገዢውም ነበረ፣ መንገዱም ክፍት ነበረ።

ታዲያ በጥር 1880 ነገሩ ተገለበጠ። የድርቡሽ ጦር አለቃ አቡ አንጃ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ሳር ውኃ ላይ ድል ነሥቶ ጎንደር ገባ። አብያተ ክርስቲያናቱ ተቃጠሉ፤ ካህናትና ሕዝብ አለቁ። በሺህ የሚቆጠሩ ሴቶችና ልጆች ተማርከው በዚያው በመተማ መንገድ ወደ ኦምዱርማን ተነዱ። የሰው ልጅ ሲነዳበት ቆሞ ያይ የነበረ ከተማ የራሱ ልጆች ሲነዱበት አየ እኮ! እኛ ሁለተኛውን እያለቀስን እናወራለን፤ የመጀመሪያውን ግን ዝም እንላለን። ይህ ለእኔ ልክ አይመስለኝም። ከተማረኩትም ብዙዎቹ በረኃብና በበሽታ አለቁ። በ1890 መጨረሻ ኦምዱርማን በእንግሊዝና በግብፅ ጦር ሲያዝ፣ አዲሱ መንግሥት የሰው ንግዱን ቢከለክልም ባርነቱን ራሱን ለብዙ ዓመት ሳይነካው ቆየ።

በእኛ አገር ነጻነት የመጣው በቁርጥራጭ ነው። መንግሥታችን መስከረም 1916 የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ሆነ፤ በመጋቢት የባርነት ሕግ ወጣ። ሰው የሸጠ 500 ብርና 10 ዓመት እስራት ተፈረደበት። በቤት ያለው ባሪያ ግን ጌታው ቢሞት እንኳ 7 ዓመት ለወራሾቹ ያገለግልና ከዚያ ነጻ ይወጣል ተባለ። በ1923 ሰባቱ ዓመት ወደ 1 ዓመት ወረደ። እኛ የእድር ሰዎች ነንና ይህን ነገር ልብ በሉት፤ የአንዱ ነጻነት የሚቆጠረው ከሌላው ቀብር ቀን ጀምሮ ነበር። በዚያ ለቅሶ ላይ ደረቱን የሚመታው አገልጋይ በልቡ ምን ይል እንደነበር እግዜር ይወቀው። ባርነት ፈጽሞ የተሻረው ነሐሴ 20 ቀን 1934 በወጣው ዐዋጅ ነው። ስድቡ ግን አልተሻረም፤ ዛሬም ሰው ሲጣላ ያችን ቃል የሚወረውር አለ፣ ለጋብቻም አጥንት የሚቆጥር አለ።

ሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ሳላነሳ አላልፍም፤ የጎንደር ተወላጅ ናቸው። ሚያዝያ 1860 መቅደላ ሲወድቅ በልጅነታቸው ለብቻቸው ተገኝተው አንድ እንግሊዛዊ መኮንን ወደ ሕንድ ወሰዳቸው። በባርነት አልተሸጡም፤ ግን አገራቸውም ቋንቋቸውም ጠፋባቸው፤ ስማቸው ቻርልስ ማርቲን ተባለ። ላሆር ላይ ሕክምና ተማሩ። ከዐድዋ ድል በኋላ አዲስ አበባ ሲመጡ አያታቸው በገላቸው ጠባሳ ለይተው አወቋቸው። ኋላም አዲስ አበባ ላይ ከባርነት ነጻ ለወጡ ልጆች የተከፈተውን ትምህርት ቤት በኃላፊነት መሩ። ወረቀት ይዞ ወጥቶ እጁ ሥራ የማያውቅ ልጅ ተመልሶ የጌታውን ደጅ መጥናቱ አይቀርም ነበርና፣ ይህ ሥራ ከዐዋጁ አያንስም እላለሁ። ሐኪም ወርቅነህ በ1945 ዐረፉ።

ከአያቶቹ የ1880ን ምርኮ ወይም በዚያ መንገድ ስለተነዱት ሰዎች የሰማ አባል ካለ፣ ለእድሩ ጸሐፊ ቢነግር በሚመጣው ዓመት እትም እንዲወጣ አደርጋለሁ።