ዋልያስ ባንድ፦ ከቬነስ ክለብ እስከ ባሕር ዳሩ ካሴት

ዋልያስ ባንድን በ1970ዎቹ መጀመሪያ የመሠረቱት በአዲስ አበባው ቬነስ ክለብ ይጫወቱ የነበሩ ሙዚቀኞች ናቸው (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። በዚያን ዘመን ኦርጋኑም፣ ከበሮውም፣ ማጉያውም የክለቡ ባለቤት ንብረት ስለነበር ከቤቱ የለቀቀ ሙዚቀኛ ባዶ እጁን ይወጣ ነበር። ዋልያሶች የራሳቸውን መሣሪያ ገዙ። በታሪካቸው ትልቁን ቦታ የምሰጠው ለዚህ እርምጃ ነው፤ የት እንደሚጫወቱና ምን እንደሚቀርጹ ራሳቸው መወሰን የቻሉት ከዚያ ወዲህ ነውና።

ከዚያ ሒልተን ሆቴል ገቡ፤ ዐሥር ዓመት ያህልም ሠሩበት። ደርግ ሰዓት እላፊ ባወጀባቸው ሌሊቶች የመጣው እንግዳ ወደ ቤቱ መመለስ አይችልም፤ እስኪነጋ ይጨፍራል፣ ባንዱም አብሮት ያነጋል። ኃይሉ መርጊያ ኦርጋን፣ ሞገስ ሀብቴ ሳክስፎን፣ መላከ ገብሬ ቤዝ፣ ዮሐንስ ተኮላ ትራምፔት ይጫወታሉ። እንዲያ ያለውን ሌሊት በድምፃዊ ጉሮሮ ብቻ መዝለቅ አይቻልም። ባንዱ ዘፈን አልባ ሙዚቃን እንዲያ የተካነው፣ በእኔ ግምት፣ በእነዚያ ረጃጅም ሌሊቶች ነው።

በ1975 «ትዝታ» የተሰኘውን ካሴት አወጡ። ዘፋኝ የለበትም፤ የዘፋኙን ቦታ የያዘው የኃይሉ ኦርጋን ነው። ትዝታ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ ጋር ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ ነው፤ ባቲና አምባሰል ደግሞ የወሎ አገሮች ስሞች ናቸው። ስለዚህ ከወሎው ቆቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ላለው የዋጃ አድማጭ የሒልተኑ ባንድ ዜማ እንግዳ አይሆንበትም። ባዕዱ ነገር ከአሜሪካውያኑ ሳክስፎን ተጫዋቾች ከእነ ኪንግ ከርቲስና ጁኒየር ዎከር የተማሩት የሳክስፎን አነፋፍና ምት ነው።

በ1977 «ቼ በለው» ተከተለ። ሙላቱ አስታጥቄ ቫይብራፎን ተጫውቶበታል። «ሙዚቃዊ ስልት» የተባለውን ሥራ ልብ ብሎ ለሰማ፣ ቤዙ አንዲቱን ሐረግ ሳይታክት ይመላለስባታል፤ የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ባንድ ድምፅ ይገባሉ፣ ኦርጋኑ በመካከላቸው ይሽከረከራል። የውጭ ባንዶች እስከ ዛሬ ይጫወቱታል።

በ1981 ከድምፃዊው ማሕሙድ አሕመድ ጋር አሜሪካ ተጓዙ። ይህን ጉዞ ያደረገ የመጀመሪያው ዘመናዊ የኢትዮጵያ ባንድ ዋልያስ ነው። አዳራሹን የሚሞላው በአብዛኛው አገሩን ጥሎ የተሰደደ ኢትዮጵያዊ ነበር። ጉዞው ሲያበቃ ባንዱ ለሁለት ተከፈለ፤ ኃይሉ፣ ሞገስ፣ መላከና ፒያኖ ተጫዋቹ ግርማ በየነ እዚያው ቀሩ፣ ሌሎቹ ወደ አገራቸው ተመለሱ። አሜሪካ የቀሩት ዙላ የተባለ ባንድ አቋቋሙ።

ኃይሉ በ1985 አኮርዲዮን፣ ኪቦርድና የከበሮ ማሽን ይዞ ብቻውን «ሸሞንሟናዬ»ን ቀረጸ። በኋላም በዋሽንግተን ታክሲ ነጂ ሆነ። በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ ሲጠብቅ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርዱን ከመኪናው ሻንጣ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። በዚያ ሁሉ ዓመት ጣቶቹን ሥራ አለማስፈታቱ፣ ዕድሉ ሲመጣ ዝግጁ ሆኖ እንዲገኝ አድርጎታል።

ዕድሉ የመጣው ከክፍለ ሀገር ነው። ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ የሙዚቃ አሳታሚ «ሸሞንሟናዬ»ን ባሕር ዳር ውስጥ ከአንድ ካሴት ቤት ገዛ፤ ኃይሉን አፈላልጎ ደወለለት፣ ሥራውም በ2013 ዳግም ታተመ። በዓመቱ «ቼ በለው»፣ በ2021 ደግሞ «ትዝታ» ተከተሉ። ኃይሉ ወደ መድረክ ተመልሶ በአውሮፓና በአሜሪካ ተዘዋወረ፤ በ2018 «ላላ በሉ»ን፣ በ2020 «የኔ ምርጫ»ን አዳዲስ ሥራዎች አድርጎ አቀረበ።

ቆቦም ሆነ ዋጃ፣ አሮጌ ካሴት በሣጥን ያስቀመጣችሁ ወገኖች፦ ቴፑ ተሰብሯል ብላችሁ አትጣሉት። ከፀሐይና ከአቧራ ጠብቁት፤ ለሚገለብጥ ሰውም አውሱት።