ሲኒውን ገልብጡት

አዲስ አበባ ውስጥ ታሪክ ሲባል ሐውልት፣ ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን ትዝ ይለናል። ቡፌ ትዝ የሚለው ሰው ግን አለ? ያንን ባለ መስተዋቱን፣ ሳሎን ጥግ የሚቆመውን፣ ልጆች ሆነን “ዋ! እንዳትነኩ” የተባልንበትን ቡፌ ማለታችን ነው። በቂርቆስም ሆነ በካዛንቺስ ብዙ ቤት ውስጥ እንግዳ ካልመጣ የማይወጡ ሲኒዎችና ሳህኖች ነበሩ። ስለ እነሱ ከተጠየቀ መልሱ አንድ ነው፤ “ኦሪጅናል ጃፓን!” ቀጥሎ ያለው ግን እንደየቤቱ ይለያያል። አንዱ ጋ የጃንሆይ ዘመን ነው፤ ሌላው ጋ የጣሊያን ጊዜ። ጨዋታ አዋቂ ያለበት ቤት ደግሞ እስከ አፄ ምኒልክ ግብር ድረስ ይወስደዋል።

ታዲያ እውነቱን ማን ይንገረን? ሲኒው ራሱ ይናገራል፤ ማንበብ ለሚችል።

በስሙ እንጀምር። “ሲኒ” ከዐረብኛ የመጣ ቃል ነው። “ሲን” ቻይና ነው፤ “ሲኒ” ደግሞ የቻይና ማለት ነው። ስለዚህ “የጃፓን ሲኒ” ስንል “የጃፓን የቻይና ዕቃ” እያልን ነው! ስህተት ግን አይደለም። ካኦሊን ከሚባል ነጭ አፈር ተሠርቶ ከ1,200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሚተኮሰውን፣ ፖርሴሊን የሚባለውን ዕቃ መጀመሪያ የሠሩት ቻይናዎች ናቸው። ጃፓን የደረሰችበት እ.ኤ.አ. በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ በኮሪያ ሸክላ ሠሪዎች እጅ፣ አሪታ በምትባል ከተማ ነው። አፄ ፋሲለደስ ጎንደርን በቆረቆሩበት ዘመን ገደማ መሆኑ ነው። ዕቃው ኢማሪ በሚባል ወደብ በኩል ይወጣ ስለነበር በዓለም ገበያ “ኢማሪ” ተባለ።

እኛ ቡፌ ውስጥ ያለው ግን አብዛኛው የዚያ ዘመን አይደለም። የኛና የጃፓን ነገር የጠነከረው በ1920ዎቹ ነው። ኢትዮጵያ ከጃፓን ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል የተፈራረመችው በኅዳር 1923 ዓ.ም. ነበር። በዚያው ዓመት የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥታችን ብዙ ነገሩን የቀዳው ከጃፓኑ የሜይጂ ሕገ መንግሥት ነው። በ1924 ዓ.ም. ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጃፓን ሄደው ተመለሱና “ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን” የሚለውን መጽሐፋቸውን ጻፉ። ምሁራኑ “እንደ ጃፓን እንሠልጥን” እያሉ ሲከራከሩ ገበያው ቀድሟቸው ነበር። ርካሹ የጃፓን አቡጀዲ የአሜሪካኑን ከገበያ እየገፋ አስወጥቶታል። የጅቡቲው ባቡር ደግሞ ከ1909 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባ ይገባ ነበር። ጭነቱ ይራገፍበት የነበረው ለገሐር ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ብዙም አይርቅም።

ከዚያ የጣሊያን ወረራ መጣ። ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው ያኔ ነው፤ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው “ኢንቺስ” ከተባለ የጣሊያን ተቋም። “ካዛ” ቤት ነው፤ የ“ኢንቺስ” ቤቶች፣ ካዛንቺስ። ሰፈሩ ራሱ እንደ ሲኒ ከሥሩ የሠሪው ስም ታትሞበታል ማለት ነው። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ከጃፓን ጋር የነበረው ወዳጅነት ታደሰ፤ ጃንሆይም በኅዳር 1949 ዓ.ም. ጃፓንን ጎበኙ።

እንግዲህ ሲኒውን ገልብጡት። (ባዶ መሆኑን ካረጋገጣችሁ በኋላ!)

ከሥሩ በእንግሊዝኛ ፊደል “ኒፖን” የሚል ካለ ደስ ይበላችሁ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1891 ጀምሮ ወደ አገሯ የሚገባ ዕቃ የተሠራበት አገር ስም ይጻፍበት የሚል ሕግ አወጣች። ጃፓኖችም አገራቸውን ራሳቸው በሚጠሩበት ስም “ኒፖን” ብለው ይጽፉ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1921 ግን የአሜሪካ ጉምሩክ “ኒፖን የጃፓንኛ ቃል ነው፤ በእንግሊዝኛ ጻፉ” አለ። “ጃፓን” እና “ሜድ ኢን ጃፓን” የሚሉት ጽሑፎች የበዙት ከዚያ ወዲህ ነው። አፄ ምኒልክ ያረፉት ደግሞ በ1906 ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. በ1913 ነው። “ሜድ ኢን ጃፓን” ያለበትን ሲኒ ምኒልክ ግብር ላይ ማድረስ የሚቻለው እንግዲህ በጨዋታ ብቻ ነው።

“ሜድ ኢን ኦኪዩፓይድ ጃፓን” የሚልም ይገኛል። ጃፓን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአሜሪካ በሚመራ ጦር ሥር በነበረችበት ጊዜ የተሠራ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1945 እስከ 1952 ባለው። የተያዘ አገር ስም ሲኒ ሥር ይጻፋል ብሎ ማን ያስባል?

ስመ ጥሩው ኖሪታኬ የራሱ ቋንቋ አለው። ኩባንያው የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1904 ነው። በአክሊል መሐል “ኤም” የሚለው የእንግሊዝኛ ፊደል ካለ ብዙውን ጊዜ ከጦርነቱ በፊት የተሠራ ነው፤ “ኤን” ከሆነ እ.ኤ.አ. ከ1953 ወዲህ። ከጦርነቱ ማግሥት ደግሞ “ጥራታችን እንደ ድሮው እስኪሆን በስማችን አንሸጥም” ብለው ለጥቂት ጊዜ “ሮዝ ቻይና” በሚል ስም ሸጠዋል።

ምንም ጽሑፍ ከሌለስ? አሮጌ ነው ብላችሁ አትቸኩሉ። የወረቀት ምልክት ተለጥፎበት በእጥበት የለቀቀም አለ። የቻይና ንጉሥ ስም ስላለበትም ቻይና ነው አይባልም፤ የድሮ ጃፓኖች ለማስዋብ ብለው ይገለብጡት ነበር። ያኔ ዓይንና ጣት ይሥሩ። አበባውን በጣታችሁ ዳስሱት፤ ከፍ ብሎ ከተሰማችሁ ቀለሙ የተቀባው ከብርጭቆ መሳዩ ልባስ በላይ ነው። በስልካችሁ ካሜራ አቅርባችሁ እዩት፤ ተመሳሳይ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ከታዩ የማሽን ሕትመት ነው። በእጅ የተሣለ ከሆነ የብሩሹ ጉዞ ይታወቃል፤ ሁለት አበቦች አንድ ዓይነት አይሆኑም። የሚያበራ ደማቅ ሰማያዊ ከሆነ ምናልባት እ.ኤ.አ. ከ1870ዎቹ ወዲህ ነው፤ በፋብሪካ የተዘጋጀው ኮባልት አሪታ የደረሰው ያኔ ነውና። የሲኒውን እግርም እዩ፤ የዘመን ብዛት የሚበላው እኩል አይደለም፤ አንዱን ጎን አብዝቶ ሌላውን ይተዋል። ዙሪያውን እኩል ከተፋቀ በብርጭቆ ወረቀት ያረጀ ሊሆን ይችላል።

ይህን ሁሉ የምንለው ሀብታም ትሆናላችሁ ለማለት አይደለም። እነዚህ ሲኒዎች በገፍ የተሠሩ ናቸው፤ አብዛኞቹ በዓለም ገበያ ብዙ አያወጡም። የሚያሳስበን ሌላ ነው። በ2017 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ካዛንቺስ ሲደርስ ስንትና ስንት ዓመት የተኖረበት ሰፈር ፈርሶ ነዋሪው ወደ ሌላ የከተማዋ ክፍል ተዛወረ። ቤት ሲለቀቅ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ፍራሹ ይጫናል፣ ቴሌቪዥኑ በብርድ ልብስ ይጠቀለላል፣ የተሰነጠቀው ሲኒ ወደ ገንዳ፣ ደህናው ለቆራሌ።

እዚህ ላይ ነው ታሪክ የሚጠፋው። የቀበሌ ቤቱ ውል ብዙ ጊዜ በአባወራው ስም ነው። ደመወዙም፣ ጡረታውም፣ መታወቂያው ላይ ያለው ሥራም የሱ ነው። ሲኒው ግን የእናት ነው። በዕቁብ ገንዘብ የተገዛ፣ ለሠርግ የተሰጠ፣ ከአስመራ ወይም ከድሬዳዋ በሻንጣ ተጠቅልሎ የመጣ ሊሆን ይችላል። ከስድስቱ ሦስት ብቻ የቀሩበትም ምክንያት አለው፤ አንዱ በለቅሶ ቀን፣ አንዱ በጥምቀት፣ አንዱ ደግሞ በመሐላችን ባለ የማይነገር ልጅ እጅ ተሰብሯል። ይህ የትም መዝገብ ላይ የለም። ከሲኒው ሥር ያለው ጽሑፍ የሚነግረን የትና መቼ እንደተሠራ ብቻ ነው። ማን ገዛችው፣ በስንት ገዛችው፣ ለማን አቦል ቀዳችበት የሚለውን የምታውቀው ባለቤቷ ናት።

“የምኒልክ ነው” የሚለው ወሬ በዘመን ስሌት ሲወድቅ ቅር የሚላቸው ይኖራሉ። ለኛ ግን በ1950ዎቹ ከደመወዝ ተቆጥቦ የተገዛ ሲኒ ከቤተ መንግሥት ከወጣ ሲኒ አያንስም። የቤተ መንግሥቱን የሚጽፍለት አላጣም።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት እቤት ቡና ሲፈላ አንድ ነገር አድርጉ። ሲኒው ሲታጠብ የሥሩን ፎቶ አንሡ። ከዚያ እማማን፣ አያትን ወይም አክስትን “ይሄን ከየት አመጣሽው?” ብላችሁ ጠይቁ፤ የሚሉትን ከነቀኑ ጻፉት። እስከ በረካው ድረስ አትቸኩሉ፤ ዋናው ወሬ የሚመጣው እዚያ ላይ ነው። ሰፈር ለመልቀቅ ቀን የተቆረጠላችሁ ካላችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ጠይቁ። ቆራሌው በጠዋት ነው የሚመጣው።